በመኪና ላይ የብስክሌት መጫኛ አመራረጥ፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ መንገዶች

ከአዲስ አበባ ዳር ወጥቶ ብስክሌት መንዳት የለመደ ሰው ዋናው ችግር መንዳቱ ሳይሆን መድረሱ እንደሆነ ያውቃል። ከቃሊቲ ወይም ከአያት ተነሥቶ እንጦጦ ጫካ፣ ሱሉልታ ሜዳ ወይም መናገሻ ሱባ ደን ለመድረስ በሲኖትራክና በሚኒባስ መካከል ረጅም መንገድ መጋፋት ያስፈልጋል፤ ልጆች ካሉ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ አይታሰብም። ስለዚህ ብስክሌቱ በመኪና ይሄዳል፤ በመኪና ለመሄድም መጫኛ ያስፈልገዋል።

መጫኛ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ብስክሌት ይይዛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ነው። በካርቶኑ ላይ «3 ብስክሌት» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ደህና አስፋልትን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ እኛ ግን ከአስፋልቱ ወርደን ግቢያችን እስክንደርስ የምናልፋት አንዲት ኪሎ ሜትር አለችን፤ ግማሿ ኮብልስቶን፣ ግማሿ ጠጠርና ጉድጓድ ናት። መጫኛን የምትፈትነው እርሷ ናት። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ በዚህ መመሪያ የማቀርበውም መኪናው የሚችለውን፣ መንገዱ የሚያመጣውን፣ ከዚያም ገበያው ያለውን በቅደም ተከተል እየመረመሩ እንዴት እንደሚመረጥ ነው።

በመጀመሪያ ብስክሌቱን ይመዝኑ

የሰው ሚዛን ላይ ብስክሌቱን ተሸክመው ይቁሙና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ብቻዎን ይቁሙና ይቀንሱ። ቀላል የውድድር ብስክሌት ከ8 እስከ 10 ኪሎ፣ የተራራ ብስክሌት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ገበያ ላይ የሚበዛው ርካሽ የብረት ብስክሌት ግን ከ16 ኪሎ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ የሚፈታ ከሆነ በጉዞ ጊዜ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ከጭነቱ ሦስት ኪሎ ያህል ይቀንሳል፣ ከዝናብም ይተርፋል።

ከክብደቱ ቀጥሎ ሦስት ነገሮች ይመዝገቡ። አንደኛው የጎማው ውፍረት ነው፤ ብዙዎቹ መጫኛዎች እስከ 2.4 ኢንች ያለውን ጎማ ሲቀበሉ፣ አራት ኢንች የሚሆነው ወፍራም ጎማ ግን ለብቻው የተሠራ ሀዲድ ይፈልጋል። ሁለተኛው የቴላዮው፣ ማለትም ከቱቦዎች የተሠራው የብስክሌቱ ዋና አካል፣ ቅርጽ ነው፤ ብዙ የሴቶች ብስክሌቶች እንዳሏቸው የላይኛው ቱቦ ወደ ታች የወረደ ከሆነ በቴላዮው ተንጠልጥሎ የሚጫን መጫኛ ላይ አይስተካከልም፤ ከመቀመጫው እስከ መሪው የሚዘረጋ ተጨማሪ ዘንግ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው የቴላዮው ማቴሪያል ነው። ካርቦን ከሆነ በቱቦው ላይ የሚጨብጥ ማንኛውም መያዣ አይነካው፤ ካርቦን በርዝመቱ የሚመጣበትን ኃይል በብርታት ይቋቋማል እንጂ ከጎን ሲጨመቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለው ብስክሌት በጎማው ብቻ የሚያዝበት መጫኛ ይፈለግለት።

መኪናው የሚችለውን ይወቁ

ከመኪናው የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ጣሪያው የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደት፣ የመጎተቻ ጋንቾ ካለ ደግሞ ጋንቾው ወደ ታች ሲጫኑት የሚችለው ክብደት። በትንንሽ የቤት መኪኖች የጣሪያው አቅም 50 ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ በመካከለኞቹ ብዙ ጊዜ 75 ኪሎ፣ በትልልቆቹ 100 ኪሎ ገደማ ነው። የጋንቾው አቅም በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ባለው መካከል ይወድቃል። ይህ ግን ለግምት ይሁንዎ እንጂ የሚሠሩበት ቁጥር የእርስዎ መኪና መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። መጽሐፉ ጃፓንኛ ወይም ቻይንኛ ቢሆንም አይተዉት፤ የስልክ ካሜራ ላይ ያለው መተርጎሚያ ለዚህ በቂ ነው፣ የኪሎ ምልክቱና ቁጥሩም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተደረገበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋልና ስለ እነርሱ አንድ ነገር መባል አለበት። ብዙዎቹ ጣሪያቸው ሰፊ መስታወት ነው፤ የጎን ሐዲድ የሌላቸውም አሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለመጎተት ጨርሶ አልተፈቀዱም። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ሞዴሎች በታወቁት የመጫኛ አምራቾች የተስማሚነት ዝርዝር ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። «ከዚህ መኪና ጋር ስለሚመሳሰል ይሆናል» የሚል የሻጭ ቃል እዚህ ላይ አይበቃም፤ መስታወት ጣሪያ በግምት አይጫንም። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ጣሪያ ላይ የተጫነ ብስክሌት ንፋስን እየገፋ ባትሪውን እንደሚበላ ማሰብም አለበት፤ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚሄደው ርቀት በግልጽ ይቀንሳል።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የመንገዱ ድርሻ ይቀነሳል። የቆመ ዕቃና ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ዕቃ እኩል አይመዝኑም፤ በሚነጥርበት ቅጽበት በማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ለሻካራ መንገድ የተፈቀደውን የጣሪያ ጭነት በ1.5 አካፍሉ ብለው የሚመክሩ አምራቾች አሉ፤ እኔም ይህንኑ ለኋላ መጫኛም እጠቀምበታለሁ። በምሳሌ እንየው። ጣሪያዋ 50 ኪሎ የምትችል ትንሽ መኪና አለች እንበል። ሁለቱ አግዳሚ ዘንጎች 5 ኪሎ፣ ሁለት የብስክሌት መያዣዎች 8 ኪሎ ቢመዝኑ ለብስክሌት የሚተርፈው 37 ኪሎ ነው፤ ባለ 15 ኪሎ ሁለት ብስክሌት በአስፋልት ይሄዳል። ሃምሳውን ለ1.5 ስናካፍለው ግን 33 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ የመጫኛው 13 ኪሎ ሲነሣለት 20 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ብስክሌት ይቀራል። ሻጩ «ሁለት» ያለው ዕቃ በእኛ መንገድ አንድ ሆነ ማለት ነው።

በቀበቶ ታስሮ ከኋላ በር የሚንጠለጠለው

ይህ ዓይነቱ በገበያ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ በመንጠቆዎችና በሸራ ቀበቶዎች ከኋላው በር ወይም ከኋላ ኮፈን ጠርዝ ጋር ይታሰራል፣ ብስክሌቶቹም በሁለት ክንዶች ላይ ይንጠለጠላሉ። ታጥፎ መኪና ውስጥ ይገባል። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀላል ብስክሌት፣ አልፎ አልፎ ለሚደረግ ጉዞ ይበቃል፤ ከዚህ ያለፈ እምነት ግን አልጥልበትም።

ምክንያቱ ዕቃው የሚንጠለጠልበት ርቀት ነው። የመጀመሪያው ብስክሌት ከመኪናው በር 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 70 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና እያንዳንዱ 15 ኪሎ ቢመዝን፣ ሦስቱም ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ቀበቶውን ከሚስበው ጠቅላላ ጉልበት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ያ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከባዱ ብስክሌት ወደ መኪናው ተጠግቶ ይጫናል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቢቀር ይመረጣል።

ከመግዛትዎ በፊት የኋላ በሩን ከፍተው መንጠቆው የሚይዝበትን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። ብረት ከሆነ ደህና ነው። ጠርዙ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ከሆነ ይህን መጫኛ ይተዉት፤ በትንንሾቹ መኪኖች ከኋላ መስታወት በላይ እንደ ቆብ ወጣ ያለችው ክንፍ ፕላስቲክ ናት፣ ትሰበራለች። የመጫኛው እግሮች የሚያርፉበት ቦታም ከአቧራ መጽዳት አለበት። በበጋ የሱሉልታ ወይም የሰንዳፋ አቧራ ከእግሩ ላስቲክ ሥር ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ቀለሙን እስከ ላሜራው ይበላዋል፤ ባለቤቱም የሚያየው መጫኛውን ያነሣ ዕለት ነው።

የታርጋ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ከኋላ የሚጫን ማንኛውም ብስክሌት ታርጋውን፣ የፍሬን መብራቱንና ፍሬቻውን ሊሸፍን ይችላል፤ የተሸፈነ ታርጋ ይዞ መንዳት ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ያጋጫል፣ የማይታይ ፍሬቻ ደግሞ ከኋላ ከሚመጣው አይሱዙ ጋር። ካርቶን ላይ ቁጥር ጽፎ ብስክሌቱ ላይ ማሰር ታርጋ አይሆንም። የመጫኛውን ዋጋ ከመክፈልዎ በፊት ብስክሌት ጭነውበት አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይራቁና ሰው ፍሬኑን እንዲረግጥልዎ፣ ፍሬቻውንም ግራ ቀኝ እንዲያበራልዎ ያድርጉ። የማይታይ ነገር ካለ ያ መጫኛ ለዚያ መኪና አይሆንም።

ጣሪያ ላይ የሚጫነው

ጣሪያ ላይ የተጫነ ብስክሌት ታርጋም መብራትም አይሸፍንም፤ የኋላው በር እንደ ልብ ይከፈታል፤ መኪናው በገደላማ መግቢያ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ከኋላ የሚጎተት ነገር የለም። ለዚህ መጀመሪያ ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ያስፈልጋሉ። በብዙ የገጠር መንገድ መኪኖች ላይ የምናየው የተበየደ ፖርቶመጋላ ለጆንያና ለሻንጣ የታሰበ ነው፤ የብስክሌት መያዣ ሊታሰርበት የሚችለው አግዳሚዎቹ ቀጥ ያሉና መያዣው የሚጨብጠው መጠን ከሆኑ ብቻ ነው።

በዘንጎቹ ላይ የሚገጠሙት መያዣዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ብስክሌቱን ከነጎማው አቁሞ በቴላዮው ይጨብጠዋል፤ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ለካርቦን ግን አይሆንም። ሁለተኛው የፊት ጎማው ተፈትቶ ሹካው በመያዣው ላይ የሚታሰርበት ነው፤ ብስክሌቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም ንፋሱም ንቅናቄውም ይቀንሳል። እዚህ ላይ የፊት አክስሉን ልክ ሳያውቁ መግዛት አይገባም፤ በእጅ ማንሻ የሚፈታው የቀድሞው ዓይነት ሹካው 100 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ አዲሶቹ የተራራ ብስክሌቶች ግን 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሹካው ቀዳዳዎች ውስጥ አልፎ የሚገባ አክስል ሲኖራቸው የሹካው ስፋት 100 ወይም 110 ሊሆን ይችላል። አንዱ ለሌላው አይገጥምም። ሦስተኛው ብስክሌቱን በሁለቱ ጎማዎች ብቻ ይይዛል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን የትኛውንም ቴላዮ ስለማይነካ ለተለያዩ ብስክሌቶች ባለቤት ይህን እመርጥለታለሁ።

የጣሪያ መጫኛ አንድ ትልቅ ጠላት አለው፤ እርሱም የገዛ ግቢያችን በር ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከግማሽ የሆነች መኪና ላይ ብስክሌት ሲቆም ከመሬት እስከ መሪው 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእኔ የግቢ በር ላይኛው አግዳሚ ብረት ከመሬት 2 ሜትር ከ40 ነው። ይህንን የለካሁት ግን በኋላ ነው። አንድ እሑድ ከጫንጮ መልስ፣ ደክሞኝ፣ ልጄ በሩን ከፍታ ስትጠብቀኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብዬ ገባሁ። የሰማሁት ድምፅ ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ብስክሌቱ ወደ ኋላ ተቀለበሰ፤ የፊተኛው ዘንግ ከመኪናው በር ጠርዝ ተነቅሎ ጣሪያው ላይ የቡና ሲኒ የሚያክል ስርጉድ ተወ፤ የብስክሌቱ ኮርቻ ከነዘንጉ ጠመመ። በግቢው በር ላይ የታየው ጉዳት የቀለም ጭረት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪው አጠገብ «ላይ!» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ በተጨማሪም ብስክሌት ስጭን የግቢዬን የበር ቁልፍ ከብስክሌቱ ኮርቻ ሥር አስራለሁ፤ ቁልፉን ለማምጣት መውረድና ወደ ላይ ማየት ግድ ይሆንብኛል።

ስለዚህ የጣሪያ መጫኛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሜትር ይዞ በሩን፣ ቀጥሎ መኪናውን የሚያቆምበትን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያም በመንገዱ ላይ ያሉትን ይለካ። በየሰፈሩ ከእንጨት ምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋው ዝቅ ያለ ሽቦ፣ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ፣ የሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ፣ ወደ ደን በሚገባው መንገድ ላይ ያዘነበለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ደግሞም 15 ኪሎ ብስክሌት ከራስዎ በላይ አንሥተው ማስቀመጥ ይችሉ እንደሆነ በመደብሩ ውስጥ ይሞክሩት። ከእንጦጦ ዳገት በኋላ፣ ጉልበት ባለቀበት ሰዓት፣ ይህ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

በመጎተቻ ጋንቾ ላይ የሚቆመው

ጋንቾ ያለው መኪና ካለዎት ወይም ማስገጠም ከተፈቀደለት ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ብስክሌቶቹ በጎማቸው ሀዲድ ላይ የሚቆሙበትን እንጂ በቴላዮአቸው የሚንጠለጠሉበትን አይደለም። የተንጠለጠለ ብስክሌት በኮብልስቶን ላይ እንደ ቃጭል ይወዛወዛል፤ ፔዳሉ የጎረቤቱን ቀለም ይልጣል። በሀዲድ ላይ የቆመ ብስክሌት ግን ጎማው ራሱ ንዝረቱን ይውጥለታል። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ስለሚነሣም ሴቱም ወንዱም፣ ልጁም ይጭነዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መጫኛው ራሱ 18 ኪሎ፣ ሁለት ብስክሌት 30 ኪሎ፣ በድምሩ 48 ኪሎ። ጋንቾው 75 ኪሎ የሚችል ከሆነ ለ1.5 ተካፍሎ 50 ይሆናልና ሁለቱ ለጥቂት ያልፋሉ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆኑ ግን 18 ሲደመር ሁለት ጊዜ 25፣ 68 ኪሎ ነው፤ ይህ በአስፋልት እንጂ በእኛ የመጨረሻ ኪሎ ሜትር አይሄድም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ የመያዣው ልክ ነው። በአሜሪካ የሚሸጡት መጫኛዎች አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ብረት ሆነው፣ ሁለት ኢንች ወይም አንድ ኢንች ከሩብ በሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። በአውሮፓ የሚሸጡት ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር የሆነውን የጋንቾ ክብ ራስ ጨብጠው የሚይዙ ናቸው። ሁለት ኢንች 50.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስልክ «የእኔም 50 ነው» ተባብሎ መስማማት ይመጣል፤ አንደኛው ግን ስለ ክብ ራስ፣ ሌላው ስለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ እየተናገረ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከቨርጂኒያ ወንድሙ ያመጣለት ውድ መጫኛ በዚሁ ምክንያት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ የመኪናዎን ኋላ ከአጠገቡ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሡና ይላኩ፤ መጫኛው ከነካርቶኑ ስንት ኪሎ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ለአንድ ሻንጣ የተለመደው የአውሮፕላን ልክ 23 ኪሎ ስለሆነ ብዙዎቹ ባለ ሁለት ብስክሌት ሀዲዶች ከካርቶናቸው ጋር ከዚያ ያልፋሉ።

ከዚያ የሚቀረው ከፍታ ነው። የጋንቾ ክብ ራስ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል፤ መጫኛው ከዚያ ተነሥቶ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይረዝማል። ከአስፋልቱ ወደ ግቢ የሚያሻግረው የውሃ መውረጃ ድልድይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የመጫኛው ጫፍ መሬት ይጭራል። ይህን በቤት ለማወቅ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ጋንቾው ላይ ወደ ኋላ አግድመው ይሰሩና በግቢዎ መግቢያ ቀስ ብለው ይውጡ፣ ይግቡ፤ እንጨቱ ከነካ መጫኛውም ይነካል። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አፍ ወዴት እንደሚያይም ይመልከቱ፤ ከፊቱ የሚቆም የብስክሌት ጎማ በጋዙ ሙቀት ይበላሻል።

ፒክአፕ፣ ስኮርታ፣ እና በአየር የሚለጠፈው

ፒክአፕ ያለው ሰው ብዙ ማሰብ አይጠበቅበትም። በካሶኒው ውስጥ አንድ አግዳሚ ብረት አስበይዶ የፊት ሹካ መያዣዎችን ቢያስርበት፣ ወይም ስፖንዳው ላይ ወፍራም ፍራሽ ደርቦ የፊት ጎማዎቹን ወደ ውጭ አሳልፎ በቀበቶ ቢያስራቸው ይበቃዋል። ከኋላ በሩ ላይ ስኮርታ ጎማ የተሸከመ መኪና ላይ በጎማው ላይ የሚታሰሩ መጫኛዎች አሉ፤ ጎማውን የተሸከመው ማጠፊያ ግን አስቀድሞ ከባድ ጎማ እንደያዘ አይረሳ፤ አንድ ወይም ሁለት ቀላል ብስክሌት ይበቃዋል።

አየር ተመጥቶ በላስቲክ ኩባያ ጣሪያ ወይም መስታወት ላይ የሚለጠፈው መጫኛ ለማንኛውም መኪና ይሆናል ተብሎ ስለሚሸጥ፣ በተለይ ለመስታወት ጣሪያ መኪኖች ይማርካል። እዚህ ግን ከፍታችን ይፈርዳል። ኩባያውን ጣሪያው ላይ የሚጫነው ከላይ ያለው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይጫናል፤ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተፈተነ ኩባያ እዚህ ሲደርስ ከመያዣ ኃይሉ ሩቡን ጥሎ ይደርሳል። በላዩ ላይ አቧራ ሲጨመርበት እኔ በበኩሌ ብስክሌቴን አላምነውም።

መኪናው ሰፊ ከሆነና ጉዞው የአንድ ሰው ከሆነ ደግሞ መጫኛ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። የኋላ ወንበሮችን ማጠፍ፣ የፊት ጎማውን መፍታት፣ ካቴናው ወደ ላይ እንዲያይ አስተኝቶ በአሮጌ አንሶላ መጠቅለል፤ ሌባም ዝናብም አያየውም።

በያጅ ዘንድ የሚሠራ ከሆነ

ገበያ ላይ ያለው አልስማማ ሲል ወይም ዋጋው ሲከብድ በየሰፈሩ ያለው በያጅ ጥሩ መጫኛ ይሠራል፤ የሚሠራውን የሚነግረው ሰው ካገኘ ነው። በመጀመሪያ መጫኛው ከፓራውልቱ ጋር አይበየድም፤ የአዳዲስ መኪኖች ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፣ ብረት የሆነውም ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም። ማያያዣው ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰር። ባለ ሁለት ኢንች አራት ማዕዘን መቀበያ ማሠራት ከፈለጉ ውጭው 63.5 ሚሊ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይፈለግ፤ ውስጡ በትክክል 50.8 ይሆናል። ማሰሪያው ሚስማር 16 ሚሊ ሜትር ነው። በስስ ቱቦላሬ ተሠርቶ የሚያምር ቀለም የተቀባ መጫኛ በመጀመሪያው ክረምት ከብየዳው ጥግ ይሰነጠቃል።

ብሎኖቹን ራስዎ ይመልከቱ። ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸባቸው ይሁኑ፤ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለአጥር በር ይሆናል። ዳዶዎቹ በውስጣቸው የፕላስቲክ ቀለበት ያለባቸው፣ በንቅናቄ የማይላሉት ይሁኑ። የቱቦላሬው ጫፎች ይዘጉ፣ ነገር ግን ከሥር በኩል ውሃ መውጫ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትቅር። መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ ደግሞ አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጨርሶ አይበየድ።

መግጠምና የሙከራ ጉዞ

መጫኛው ከተገጠመ በኋላ ብስክሌት ሳይጫንበት በሁለት እጅ ይዘው በኃይል ያወዛውዙት። መኪናው ራሱ አብሮ ከተወዛወዘ ተገጥሟል፤ መጫኛው ብቻ ከተወዛወዘ አልተገጠመም። ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ላይ፣ ከዳዶው ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ዳዶው ጥቂት እንኳ ቢዞር መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ ኪያቤ ይዞ እያንዳንዱን መሞከር አያስፈልግም። ባለቤቴ የጥፍር ቀለሟ ጋራዥ መግባቱን መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር፤ አሁን ከጉዞ በፊት መስመሮቹን ዞራ የምታየው እርሷ ናት።

ብስክሌቱ ሲጫን ከባዱ ወደ መኪናው ይጠጋል፤ የሁለተኛው መሪ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሁን። የሚሽከረከሩት ጎማዎችና ፔዳሎች ይታሰሩ፤ ለዚህ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ክር የሚያህለው የለም፤ ይለጠጣል፣ ቀለም አይልጥም፣ ከየትኛውም ጎማ ጠጋኝ ዘንድ በነፃ ይገኛል። የቀበቶዎቹ ትርፍ ጫፎች ተቋጥረው ይግቡ፤ በንፋስ የሚገረፍ ጫፍ አንድ ጉዞ ሳይሞላው የመኪናውን ቀለም ያደበዝዛል። የውሃ ኮዳ፣ ፓምፕና ቦርሳ ከብስክሌቱ ወርደው መኪናው ውስጥ ይቀመጡ።

ለሙከራ ከአምስት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ አስፋልትም ኮብልስቶንም ጉብታም ያለበት መንገድ ይምረጡ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ይቁሙና የጥፍር ቀለሙን መስመሮች ይዩ፤ ቀበቶዎቹን በጣት ይጫኑ። ሸራ ቀበቶ በመጀመሪያው ጉዞ ይረዝማልና መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ጉብታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲወጡት ቀጥ ብለው ይግቡ፤ አንዱን ጎማ በጎን አሾልኮ ማለፍ ለመኪናው የተለመደ ቢሆንም መጫኛውን ይጠመዝዘዋል። በጉዞ ላይ መስታወት ውስጥ የብስክሌቱን ጥላ መመልከት ልማድ ይሁንዎ፤ ከመኪናው ጋር እኩል የማይነቃነቅ ብስክሌት ካዩ ዳር ይዘው ይቁሙ።

መጫኛ ላይ ያለው ትንሽ ቁልፍ ሰው ሻይ እስኪጠጣ ያግዛል እንጂ ሌሊት አያሳድርም። ብስክሌቱ ሌሊት ግቢ ውስጥም ቢሆን ይውረድ። በረጅም ዝናብ ከተጓዙ ካቴናውንና የማርሽ መቀያየሪያውን አድርቀው ዘይት ያስነኩ፤ ከኋላ የሚጫን ብስክሌት የመኪናው ጎማ የሚረጨውን ጭቃ በሙሉ ይጠጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የማይጓዙ ከሆነ መጫኛውን ከመኪናው ፈትተው፣ የሚስማሩን ቀዳዳና የማጠፊያዎቹን ብሎኖች በግሪስ ቀብተው፣ ከግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ በጋንቾው መቀበያ ቀዳዳም ጭቃ እንዳይሞላው አንድ የተጠቀለለ ላስቲክ ይወትፉበት።